ከሚሴን ከገንዘብ መምቻ ከተሞች ተርታ ለማስገባት የተደረገ አስራ አንደኛ ስብሰባ

ቀን፦ ሐሙስ፣ የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ ከሚሴ፣ የሰፈራችን ንባብ ቤት የኋላ ክፍል። የፊቱን ክፍል ያልተጠቀምንበት አንባቢ ስለነበረበት ነው። አንባቢው አንድ ነው።
ሰዓት፦ ለ8፡00 ተጠርቶ በ8፡40 ተጀመረ።

የተገኙ አባላት፦

1. አቶ ሙሀመድአሚን፣ ሰብሳቢ። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር።
2. አቶ ሳምሶን፣ አባል። የባነርና የማኅተም ሥራ ቤት ያላቸው።
3. ወ/ሮ ረቢአ፣ አባል። ጨርቅ ነጋዴ፤ ለአውደ ርዕዩ የአንገት ብራቸውን ያዋሱ።
4. አቶ ሙሄ፣ አባል። አርባ ዓመት ባቲ ገበያ የከብት ደላላ የነበሩ።
5. ወ/ሮ ምንዳዬ፣ ፀሐፊ። የተመረጠችው በጽሕፈቷ ሳይሆን ባለመናገሯ ነው።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከአምስት አባላት አምስቱም ስለተገኙ ተሟልቷል። አቶ ሙሄ የመጡት ለስብሰባ ሳይሆን ከፀሐይ ለመሸሽ እንደሆነ በግልጽ ቢናገሩም፣ ተቀምጠው ስለተገኙ ተቆጥረዋል።

ኮሚቴው የተቋቋመው ንባብ ቤቱ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ለሚከፍተው «የገንዘብ መምቻ ቤቶች ታሪክ በአገራችን» ለተባለው አውደ ርዕይ ነው። በአስር ስብሰባ ያሰባሰበው ንብረት የመጀመሪያዎቹ አስራ ሁለት ገጾች የሌሉት አንድ መጽሐፍ፣ ሁለት የዛጉ ሳንቲሞችና የወ/ሮ ረቢአ የአንገት ብር ነው። መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ያነበበው አባል አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ሰብሳቢው አይደሉም።

የዕለቱ አጀንዳዎች፦

1. ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ
2. ከሚሴ ገንዘብ ይመታባት የነበረች ከተማ ተብላ በባነሩ ላይ እንድትሰፍር የቀረበ ሐሳብ
3. የወ/ሮ ረቢአ ብር መግለጫ
4. ልዩ ልዩ

አጀንዳ 1

አቶ ሳምሶን ባለፈው ቃለ ጉባኤ ላይ «አቶ ሳምሶን ጮኹ» ተብሎ መጻፉን ተቃውመዋል። እንዳልጮኹ ሲያስረዱ የፊተኛው ክፍል አንባቢ በሩን ከፍቶ ቀስ እንዲሉ ጠይቋቸዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ «ጮኹ» የሚለው ወጥቶ «በግልጽ ድምፅ አስረዱ» በሚል እንዲተካ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

አጀንዳ 2

ሰብሳቢው አጀንዳውን ለማስረዳት አምስት ደቂቃ ጠይቀው ሠላሳ አምስት ተጠቅመዋል። በአጭሩ እንዲህ ብለዋል፦ የአክሱም ነገሥታት ወርቅ፣ ብርና ነሐስ ይመቱ ነበር፤ መምቻ ቤታቸው በትክክል የት እንደነበረ ግን አይታወቅም። ሐረር በአሚሮቿ ዘመን የራሷን ገንዘብ ትመታ ነበር። አፄ ምኒልክ ብራቸውን መጀመሪያ ፓሪስ አስመትተው አስመጡ፤ ቆይቶም አዲስ አበባ ላይ መምቻ ተተከለ። ባላገሩም ነጋዴውም ግን ከዚህ ሁሉ አብልጦ ያምን የነበረው ማርትሬዛን፣ ማለትም የሩቅ አገር ንግሥት ምስል ያለበትን ጠገራ ብር ነው። ይህ ብር የትም ይመታ፣ መቼም ይመታ፣ ላዩ ላይ ያለው ዓመት ያው 1780 ነው። ቪየና መታችው። ቪየና ቅርጹን ለሮም ሰጠች። ሎንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይ ደግሞ ቪየናን ሳያስፈቅዱ መቱት። ብሩን አይቶ የየትኛው ከተማ ልጅ እንደሆነ መለየት ለአዋቂም ያስቸግራል።

አቶ ሳምሶን «ታዲያ ከሚሴ እንዳልመታችው በምን ይታወቃል?» ሲሉ ጠይቀዋል። ሰብሳቢው ጥቂት አስበው «በምንም አይታወቅም» ብለዋል። አቶ ሳምሶን ይህ መልስ በማስረጃነት እንዲመዘገብ ጠይቀው ተመዝግቧል።

አቶ ሙሄ ነቅተው ምስክርነት ሰጥተዋል። በእሳቸው ዘመን ባቲ ላይ ሰኞ ሰኞ ጠገራ ብር ሲቀባበሉ፣ ሰው ብሩን ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን እንደሚያዳምጥ፣ በንግሥቲቱ የራስ ጌጥ ላይ ያለውን ዶቃ አንድ በአንድ እንደሚቆጥር፣ አንዳንዱም ብር ታይቶ «ይቺ የከሚሴ ናት» ይባል እንደነበር ተናግረዋል። አቶ ሳምሶን ከወንበራቸው ተነስተው «ሰማችሁ! ባቲ ሳይቀር ያውቀናል!» ብለዋል። አቶ ሙሄ ለምን እንደዚያ ይባል እንደነበር ማስረዳት ሲጀምሩ ሰዓታቸው እንዳለቀ ሰብሳቢው አሳውቀዋቸዋል። አቶ ሙሄም «እኔ ምን ቸገረኝ» ብለው ተቀምጠዋል።

ድምፅ ተሰጥቶ አራት ድጋፍ፣ አንድ ድምፀ ተአቅቦ ተገኝቷል። የተቆጠበችው ፀሐፊዋ ናት። ምክንያቷን ተጠይቃ እጇን እንደሚያማት ገልጻለች። በዚያው እጅ መጻፏን ቀጥላለች።

ቀጥሎ ከሚሴ ማርትሬዛ በመቱት ከተሞች ዝርዝር የት ትግባ በሚለው ላይ ክርክር ተደርጓል። በፊደል ተራ ከቪየና በኋላ፣ ከፓሪስ በፊት መሆኗን ሰብሳቢው አስረድተዋል። አቶ ሳምሶን ከሚሴ ከፓሪስ መቅደሟን በክብር እንደሚቀበሉት፣ ሆኖም ፊደሏ ደመቅ እንዲል አሳስበዋል። ወ/ሮ ረቢአ ጎብኚ መጥቶ «መምቻ ቤቱ የቱ ጋ ነበር?» ቢል ምን እንደሚባል ጠይቀዋል። ቀስት ያለበት ሰሌዳ እንዲተከል ሐሳብ ቀረበ። አቶ ሳምሶን ቀስቱ ወደ ባነር ቤታቸው፣ ወ/ሮ ረቢአ ወደ ሱቃቸው፣ አቶ ሙሄ ወደ ማንኛውም ጥላ ያለበት ቦታ እንዲያመለክት ጠይቀዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ፦
ሀ. ከሚሴ ከቪየና ቀጥላ በደማቅ ፊደል እንድትጻፍ፣
ለ. ቀስቱ እንደ ሁኔታው የሚዞር እንዲሆን ተወስኗል።

አጀንዳ 3

ወ/ሮ ረቢአ በአንገታቸው ባንጠለጠሉት ማርትሬዛ መግለጫ ላይ ከተማም ንግሥትም ከመጻፉ በፊት የእናታቸው ስም እንዲቀድም ጠይቀዋል። «የእናቴ የዓዲላ ነው። በሰባ ሰባት ድርቅ ሁሉም ያለውን ሲሸጥ እሷ ይቺን አልሸጠችም። 'ልጄ ባዶ አንገቷን አትዳርም' ብላ ነው ያቆየችልኝ። ሰው ይህን አንብቦ ይለፍ እንጂ ስለ ቪየና እኔ ምን ገዶኝ» ብለዋል። ተቃውሞ አልቀረበም። አቶ ሙሄ «ዓዲላን አውቃታለሁ፣ ደግ ሰው ነበረች፣ አላህ ይማራት» ብለዋል። «አሚን» ተብሏል።

ሰብሳቢው ከመጽሐፉ አንድ ነገር ጨምረዋል። በማርትሬዛ ብር ጠርዝ ዙሪያ የተቀረጸ ጽሑፍ አለ፤ ትርጉሙም «በፍትሕና በምሕረት» ማለት ነው። አስመሳዮች ፊትና ጀርባውን መቅዳት ቢችሉም ጠርዙ ግን ያስቸግራቸው ነበር። አቶ ሳምሶን በዚህ እጅግ ተደስተው፣ የጠርዙን ፊደላት ከወ/ሮ ረቢአ ብር ላይ አሁኑኑ በስልካቸው አንስተው በባነሩ ላይ ሦስት ሜትር አድርገው እንዲዘረጉት ጠይቀዋል። ወ/ሮ ረቢአ «ምን ገዶኝ፣ አንሳው» ብለው ብሩን ከአንገታቸው መፍታት ጀምረዋል።

በዚህ ጊዜ ፀሐፊዋ በአስራ አንድ ስብሰባ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን አውጥታለች። ሰብሳቢው እጇ ለመናገር መውጣቱን ስላላመኑ «መስኮት እንክፈት?» ብለው ጠይቀዋት ነበር። መናገር እንደምትፈልግ ገልጻለች። ስትናገር ማን ይጽፋል የሚል ጥያቄ ተነስቶ፣ የሰብሳቢው ጽሕፈት ለሰብሳቢውም የማይነበብ በመሆኑ፣ ራሷ እየተናገረች ራሷ እንድትጽፍ ተወስኗል። ስለዚህ ንግግሯ በየዓረፍተ ነገሩ ይቆም ነበር። በመካከሉ ሁለት ጊዜ እስክሪብቶ ቀይራለች። የመጀመሪያው ይጽፍ ነበር።

ፀሐፊዋ የተናገረችው ይህ ነው፦

ጠርዙን ማንሳት እንደማያስፈልግ። በጠርዙ ላይ ምንም እንደሌለ።

በ1981 ዓ.ም. ወ/ሮ ረቢአ ሊዳሩ ሦስት ሳምንት ሲቀራቸው እናታቸው ወ/ሮ ዓዲላ የብሩ ማንጠልጠያ ስለተነቀለ ሊያስበይዱት ወደ ፀሐፊዋ ቤት እንደመጡ። የፀሐፊዋ ባለቤት አቶ ይበልጣል፣ አሁን በሕይወት የሌለው፣ አንጥረኛ እንደነበረ። ብሩን በእርጥብ አሸዋ ላይ አትሞ ቅርጹን እንዳወጣ፣ በቆርቆሮና በእርሳስ ላይ ጥቂት ብር ጨምሮ አምሳያውን እንዳፈሰሰ፣ ለወ/ሮ ዓዲላም አምሳያውን እንደመለሰ። እንደዚህ ያሉ ሌሎችም ብሮች ከዚያ ቤት ወጥተው ባቲ እንደወረዱ።

የአሸዋው ቅርጽ የተጋጠመበት መስመር በጠርዙ ላይ ሲቀር በሞረድ መስተካከል እንዳለበት። ባለቤቷ ዐይኑ ደካማ ስለነበረ ሞራጇ እሷ እንደነበረች። የንግሥቲቱ ፊደላት በእሷ እጅ እንደጠፉ። ያኔ ጌጥ መስለዋት እንደነበር፤ ትርጉማቸውን ያወቀችው ባለፈው ዓመት ከዚሁ መጽሐፍ እንደሆነ።

ድርቁ ካለፈ አራት ዓመት ሆኖት ስለነበረ ተቸግረን ነው ማለት እንደማትችል። ወ/ሮ ዓዲላ ብሩን ተቀብለው ስመውት፣ ለፀሐፊዋም እንቁላል ይዘውላት መጥተው እንደነበር። እንቁላሉን እንደበሉት።

ንግግሯ እዚህ አብቅቷል።

ወ/ሮ ረቢአ ብሩን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋል። ሰብሳቢው አንስተው ጠርዙን በጣታቸው ዞሩበት። ለአቶ ሳምሶን ሰጧቸው። አቶ ሳምሶን ወደ መስኮቱ ወስደው አይተው፣ ለአቶ ሙሄ ሰጡ። አቶ ሙሄ ሳያዩ በአውራ ጣታቸው ብቻ ዳስሰው በኦሮምኛ «ዱጉማ» አሉ፤ እውነት ነው ማለታቸው ነው። ቀጥለውም ቅድም ሊያስረዱት የነበረው ይህንኑ እንደሆነ፣ ባቲ ላይ «ይቺ የከሚሴ ናት» የሚባለው ብሩ የማይጮህ፣ ድንጋይ ላይ ሲጥሉት እንደ ሸክላ ስባሪ ዷ የሚል ሲሆን መሆኑን ተናግረዋል። ሰብሳቢው ለምን ቀደም ብለው እንዳልተናገሩ ሲጠይቋቸው «ሰዓትህ አልቋል አላችሁኛ» ብለዋል።

አቶ ሳምሶን አንድ ነጥብ አንስተዋል። በአጀንዳ 2 የተወሰነው ያለ ማስረጃ እንደነበረ፣ አሁን ግን ማስረጃ እንደተገኘ፣ ማለትም ከሚሴ በእርግጥ ማርትሬዛ ይወጣባት እንደነበረ፣ ይህም ለአውደ ርዕዩ ትልቅ ዕድል መሆኑን ገልጸዋል። ሰብሳቢው ይህ መምታት ሳይሆን ማፍሰስ፣ ማፍሰስም ሳይሆን ማጭበርበር መሆኑን አስረድተዋል። አቶ ሳምሶን ሎንደንም ቪየናን እንዳላስፈቀደች ከሰብሳቢው የሰሙት መሆኑን አስታውሰዋል። ሰብሳቢው ሎንደን መንግሥት እንደሆነች መልሰዋል። አቶ ሳምሶን «ታዲያ የጋሽ ይበልጣል ጥፋት ንጉሥ አለመሆኑ ነው?» ብለዋል። ሰብሳቢው ይህን ጥያቄ ከመጽሐፉ ለመመለስ ገጽ ሲያገላብጡ፣ መልሱ ምናልባት ከጎደሉት አስራ ሁለት ገጾች ውስጥ ሊሆን እንደሚችል ተናግረዋል።

አቶ ሙሄ ጠረጴዛውን በከዘራቸው መትተው «አንተ ልጅ፣ ሰው ተሰርቆ ተቀምጧል እኮ! ባነር ባነር ትለኛለህ?» ብለዋል። አቶ ሳምሶን ይቅርታ ጠይቀው ሐሳባቸውን አንስተዋል።

 ወ/ሮ ረቢአ አሁን ተናገሩ። ፀሐፊዋ የሚከተለውን ቃል በቃል ጽፋለች።

«እውነተኛውስ የት ሄደ?»

ፀሐፊዋ ቀልጦ ወለባ ሆነ ብላለች።

«የማን ወለባ?»

የእኔ ብላለች።

«ያ የሠርጌ ቀን ጸጉርሽ ላይ ያደረግሽው?»

ፀሐፊዋ አዎ ብላለች።

«እኔ እኮ ተሞሽሬ ተቀምጬ፣ ከሴቱ ሁሉ አንቺን ጠርቼ፣ 'ምንዱ፣ አምሮብሻል' አልኩሽ።»

ፀሐፊዋ እንዲህ መባሏን፣ «ያንቺ ይብሳል» ብላ መመለሷን፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ወለባውን አድርጋው እንደማታውቅ አረጋግጣለች።

 

ሰብሳቢው ስብሰባው በዚህ ሁኔታ መቀጠል እንደማይችል፣ ጉዳዩ በሥርዓት መቋጨት እንዳለበት ገልጸው፣ ፀሐፊዋ ይቅርታ ይደረግላት የሚል ሐሳብ ለድምፅ አቅርበዋል። ሦስት እጅ ወጥቷል፦ የሰብሳቢው፣ የአቶ ሳምሶን እና የአቶ ሙሄ። ፀሐፊዋ በራሷ ጉዳይ ድምፅ መስጠት አትችልም ተብሏል። ወ/ሮ ረቢአ እጃቸውን አላወጡም፤ እንደ ድምፀ ተአቅቦ ተይዟል። ይቅርታው በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል ሲባል ወ/ሮ ረቢአ «ሱብሃነላህ! እናንተ ምን ተወስዶባችሁ ነው ይቅር የምትሏት?» ብለዋል። ሰብሳቢው ሥርዓቱ እንደዚያ እንደሆነ ለማስረዳት ሞክረው፣ ሳይጨርሱ ተቀምጠዋል። አቶ ሙሄ የወጣ እጃቸውን ማውረድ ረስተው ስለነበረ አሁን አውርደዋል።

ሰብሳቢው ቀጥለው ይህ ሁሉ ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ፣ ለሟቹም ለፀሐፊዋም ክብር ሲባል በአጀንዳ 3 ሥር «ስለ ብሩ ውይይት ተደርጓል» ብቻ እንዲጻፍ ሐሳብ አቅርበዋል። አቶ ሳምሶን ደግፈዋል። ወ/ሮ ረቢአ «ይጻፍ። የእናቴም እንቁላል ይጻፍ» ብለዋል። ተጽፏል።

አቶ ሳምሶን በዝግታ ብሩ ከአውደ ርዕዩ ይወጣ እንደሆነ ጠይቀዋል። ወ/ሮ ረቢአ ብሩን ከጠረጴዛው አንስተው መልሰው አንገታቸው ላይ አስረዋል። አቶ ሙሄ «ረቢአ ልጄ፣ ይሄ እኮ ቆርቆሮ ነው» ሲሏቸው፣ «ክሩን የፈተለችው እናቴ ናት፣ አባ ሙሄ። ክሩ ቆርቆሮ አይደለም» ብለዋል።

አጀንዳ 4፣ ልዩ ልዩ

ፀሐፊዋ ከኃላፊነቷ ለመልቀቅ ጠይቃለች። ሰብሳቢው ሌላ የሚነበብ ጽሕፈት ያለው አባል ባለመኖሩ ጥያቄው በበጎ እንደማይታይ ገልጸዋል። ምትክ እስኪገኝ እንድትቆይ ተወስኗል። ምትክ የሚፈልግ ሰው እንዲመረጥ ሐሳብ ቀርቦ፣ ፀሐፊዋ እንድትፈልግ ተወስኗል።

አቶ ሳምሶን ባነሩ ትናንት ማታ ታትሞ ማደሩን አሳውቀዋል። በባነሩ ላይ ከሚሴ ከቪየና ቀጥላ በደማቅ ፊደል ሰፍራለች። ውሳኔው ዛሬ ከሆነ ትናንት እንዴት ታተመ ተብለው ሲጠየቁ፣ ኮሚቴውን ስለሚያውቁት እንደሆነ መልሰዋል።

በዚህ ጊዜ ወ/ሮ ረቢአ አንድ ሐሳብ አቅርበዋል። ይህ ኮሚቴ ዛሬ የወሰነው ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ እንዲሻር ጠይቀዋል። አቶ ሳምሶን ስለ ባነሩ ስጋታቸውን ገልጸዋል። አቶ ሙሄ «ገልብጠህ ጻፍበት» ብለዋል። ሰብሳቢው ሁሉም ማለት ይቅርታውንም ይጨምራል ወይ ሲሉ ጠይቀዋል። ወ/ሮ ረቢአ «እሱን አስቀድማችሁ» ብለዋል።

ከአጭር ውይይት በኋላ በሙሉ ድምፅ የሚከተለው ተወስኗል፦

ሀ. ለወ/ሮ ምንዳዬ በአብላጫ ድምፅ የተሰጠው ይቅርታ ተሽሯል።
ለ. ከሚሴ ከገንዘብ መምቻ ከተሞች ዝርዝር ወጥታለች። ቪየናና ፓሪስ በፊደል ተራ ተቀራርበዋል።
ሐ. የሚዞረው ቀስት አይተከልም።
መ. በአጀንዳ 1 የተተካው «ጮኹ» ወደ ቦታው ተመልሷል።
ሠ. ፀሐፊዋ ምትክ እስኪገኝ እንድትቆይ የተወሰነው ተሽሯል። ምትክ እንድትፈልግ የተወሰነውም ስለተሻረ፣ ትቆያለች።
ረ. አውደ ርዕዩ ከዒድ በኋላ ወዳለ ላልተወሰነ ጊዜ ተላልፏል።

ሰብሳቢው ሌላ የቀረ ነገር ካለ ጠይቀዋል። ወ/ሮ ረቢአ ለፀሐፊዋ የሚሉት እንዳለ ገልጸው፣ «ነገ ከጁምዓ በኋላ ቤቴ ነይ። ወለባውን ይዘሽ ነይ። ብቻችንን እናወራለን፤ የምልሽን እኔም ገና አላውቀውም» ብለዋል። ሰብሳቢው ይህ በውሳኔ መልክ ይያዝ ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ «እንዳትነኩት» ብለዋል።

ፀሐፊዋ እመጣለሁ ብላለች።

ስብሰባው በ10፡25 ተበትኗል።